የትከሻው ባለቤት

እትዬ ተኳሽ ናት። ተኳሽ ሲባል ጠመንጃ እንዳይመጣባችሁ፤ እሷ የምትተኩሰው ሸሚዝ ነው። ከአንድ የልብስ እጥበት ቤት በስተኋላ፣ እንፋሎት መውጫ አጥቶ ጣሪያው ሥር በሚንሳፈፍበት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ከልጃገረድነቷ ጀምሮ ካውያ ይዛ ቆማለች። የሰው አንገትጌ ስታቀና ዕድሜዋ ነጎደ። ባሏ መካኒክ ነው። «እኔ አቆሽሻለሁ፣ አንቺ ትተኩሻለሽ፤ እንደኛ የተገጣጠመ ባልና ሚስት የት ይገኛል!» ይላታል። ልጆቿ አድገው በየቤታቸው ገብተዋል። በስሟ የሚጠራት ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ ደንበኛውም ጎረቤቱም፣ አለቃዋ ሳይቀር፣ እትዬ ነው የሚላት።

ይህን ስም ያወጣችላት ታናሽ እህቷ ሚጣ ናት። ሚጣ ዛሬ ትልቅ ሰው ናት፤ ፀጉሯ ላይ ሽበት ጣል ጣል ማድረግ ጀምሯል። እትዬ ዘንድ ግን ሚጣ ምን ጊዜም ሚጣ ነች። እናታቸው ሰው ቤት ተቀጥራ እዚያው ስለምታድር፣ ልጅቷን ያጠበችው፣ ያበላችው፣ ያበጠረችው እትዬ ናት። ሚጣ ለቅሶ ከጀመረች ዝም የምታሰኛት አንድ ነገር ብቻ ነበረች፤ ከምድጃ የወጣች የጠፋች ከሰል። በከሰሏ ወለሉን ታጠቁራለች፣ እትዬ ከኋላ ከኋላዋ እየተከተለች ታጥባለች። በኋላ እትዬ ሥራ ስትገባ መላው ተገኘ። ሸሚዝ ሲታጠፍ ቅርጹን እንዲይዝ መሃሉ የሚገባ ነጭ ካርቶን አለ። የተጣመመውንና የሚጣለውን እየለቀመች ታመጣላት ጀመር።

«ምን ልሣል?» አለቻት ሚጣ የመጀመሪያውን ካርቶን ጉልበቷ ላይ አድርጋ።

«እኔን ነዋ።»

እትዬ ለቀልድ ነበር። ሚጣ ግን በዚህ ነገር ቀልድ አታውቅም። «እንግዲያው እንዳትነቃነቂ!» አለቻት ኮስተር ብላ።

እትዬ አልተነቃነቀችም። ይኸው ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እንደቆመች ናት። ቆማ፣ ተቀምጣ፣ ጎኗን ሰጥታ፣ ጀርባዋን ሰጥታ ተሥላለች። ሚጣ ትምህርት ቤት ገብታ ሥዕል ተምራ ወጣች፤ ከአንድ የዕቃ መጋዘን በላይ ሰፊ መስኮት ያለው ክፍል ተከራየች፤ ቀለም የሚባል ነገር ርግፍ አድርጋ ትታ ሰው በሚያህል ወረቀት ላይ የሰውን አካል በከሰል ብቻ ትሠራ ጀመር። እትዬም በዕረፍት ቀኗ ደረጃውን ወጥታ፣ የላይ ልብሷን አውልቃ፣ በስስ የውስጥ ቀሚሷ ትቆማለች። ደክሟት ስታርፍ ቦታዋ እንዳይጠፋ ሚጣ በጠመኔ እግሯን ዙሪያውን ታሰምርላታለች። ሻይዋን ጠጥታ ስትመለስ እግሯን መስመሩ ውስጥ ትከታለች፤ እንደ ጫማ ልክክ ይላል።

ያን መቆም እትዬ የምትወደውን ያህል የምትወደው ነገር አልነበራትም። ቀኑን ሙሉ ሰው የሚያያት እጥፋት ፍለጋ ነው። «እዚህ ጋ ተጨማዷል»፣ «እጅጌው አልቀናም» ነው የሚባለው፤ ሸሚዙን እንጂ እሷን የሚያያት የለም። ሚጣ ግን ዓይኗን ጨፈን ገለጥ እያደረገች፣ ምንም ጉድለት ሳትፈልግ፣ እንደ ሩቅ አገር ታያታለች። ደግሞ ሌላም ነገር አለ። ሰው ፊቱን በመስታወት ያያል፤ ጀርባውን ግን ሳያየው ኖሮ ሳያየው ይሞታል። እትዬ ጀርባዋን ታውቀዋለች። ካውያ ስትጫን ኖራ ቀኝ ትከሻዋ ከግራው ዝቅ ማለቱን፣ ሁልጊዜ በግራ እግሯ ስለምትቆም ወገቧ በዚያ በኩል ገባ ማለቱን፣ ከማጅራቷ ሥር እንደ ትንሽ ጀልባ የተቀመጠች እጥፋት መኖሯን፣ ይህን ሁሉ ያሳያት የእህቷ ከሰል ነው። መጀመሪያ ያየች ጊዜ «ውይ፣ ተጣምሜያለሁ!» ብላ ደንግጣ ነበር። ሚጣ ግን «ዝም በይ፣ ይሄ ነው ውበትሽ» አለቻት። እትዬ ይህን ቃል ባሏ ሰርጋቸው ዕለት ከነገራት ሁሉ በላይ አድርጋ አስቀመጠችው።

ነገሩ የተበላሸው በመጋረጃ ነው። የሚጣን መስኮት መጋረጃ የምታጥበውና የምትተኩሰው እትዬ ናት። አንድ ቀን ከሥራ ስትወጣ የተኮሰችውን በክንዷ አንጠልጥላ፣ ሳትናገር፣ ደረጃውን ወጣች። ሚጣ እጇን ልትታጠብ ወደ ጓሮ ወርዳ ኖሮ ክፍሉ ባዶ ነው። እትዬ መጋረጃውን ወንበር ላይ አድርጋ ዞር ስትል ወለሉን አየች።

የጠመኔው መስመር የእሷ አይደለም። የእሷ በጨርቅ ተጠርጎ ደብዝዟል፤ በላዩ ላይ ሌላ የእግር መስመር ተሠምሯል። ሰፊ እግር ነው። አውራ ጣቱ ለብቻው ወጣ ብሏል።

እትዬ የራሷን እግር መስመሩ ውስጥ ከተተች። ዙሪያውን ባዶ ሆነባት፤ በሰው ጫማ እንደገባ ሕፃን። 

ሚጣ እጇን እያደራረቀች ገባች። እትዬ ያየችውን አይታ ቀላች።

«እትዬ! መጣሽ?»

«ማን ናት?»

«ማን ማን ናት?»

«ይቺ ባለ ሰፊ እግር!»

ሚጣ መጋረጃውን አንስታ ያልተጨማደደውን ታቃና ጀመር። «አይ... አንዲት ሴት ናት። ጉልበቴን አመመኝ ስትይ አልነበር? ቀኑን ሙሉ ቆመሽ ውለሽ ደግሞ እኔ ላቁምሽ? አሳዘንሽኝ እኮ።»

«እኔ ጉልበቴን አሞኝ አያውቅም።»

«ባለፈው ደረጃው ላይ...»

«ደረጃ ሲወጣ የማያቃስት ማን አለ! ደረጃውም ያቃስታል።»

ከዚያ በላይ አልተነጋገሩም። እትዬ መጋረጃውን ሰቀለች፤ አንዱን ቀለበት ሳታስገባ ዘላዋለች። እንዲህ ያለ ስህተት የእሷ አይደለም። ወደ ቤት ስትሄድ መንገዱን አላየችውም። ቆሽቷ አርሮ አርሮ እሱ ራሱ ከሰል ወጥቶታል ብል አላጋነንኩም።

ባሏ ጫማውን እያወለቀ ነበር።

«ሌላ ሰው ይዛለች» አለችው ገና በሩን ሳትዘጋ።

«ማን?»

«ሚጣ።»

«ወንድ?» ብሎ ባሏ በአንድ ጫማ ብድግ አለ። «እልል! ስንጸልይ አልነበር እንዴ!»

«ምን ወንድ አመጣህብኝ! ሴት ናት። የምታቆማት ሴት። እግሯ መቅዘፊያ ነው የሚያህለው።»

«እግሯን ደግሞ የት አየሽው?»

«ወለሉ ላይ።»

ባሏ ተመልሶ ተቀመጠና ሆዱን ይዞ ሳቀ። «አንቺ ሴትዮ! ይሄን ሁሉ ዘመን አብረን ስንኖር በእኔ እንደዚህ ቀንተሽ ታውቂያለሽ?»

«አንተን ማን ይወስድሃል?»

«እሱስ ልክ ነሽ» አለና ሁለተኛውን ጫማ አወለቀ። ቆየት ብሎ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ተያት በቃ። በዕረፍት ቀንሽ ትንሽ ትተኚያለሽ» አላት። እሷ መተኛት አልነበረም የፈለገችው። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ሲባል ሰምታለች፤ መዳብ መሆን እንዲህ እንደሚያም ግን የነገራት አልነበረም።

ቅናት መቼም ሰበብ አያጣም። በሳምንቱ «መጋረጃው አቧራ ይዟል» ብላ ሄደች። መጋረጃው ገና እንደተኮሰችው ነበር። በሩን ስትከፍት የሰፊው እግር ባለቤት እዚያ ቆማለች። ደልደል ያለች፣ አርባ ዓመት የሚሆናት፣ ጥፍሯ ሥር ነጭ ቀለም የገባባት ሴት ናት። በእጇ ዳቦ ይዛ እየቆመችም እየበላችም ነው።

«እርስዎ ነዎት እትዬ!» ብላ ከመስመሩ ዘላ ወጣች። «እኔ እኮ ሳላይዎት አውቅዎታለሁ። እሷ ካለ እርስዎ ወሬ የላት! እትዬ እንዲህ ትቆማለች፣ እትዬ እንዲህ ትተነፍሳለች... ይቀመጡ፣ ይቀመጡ።»

በገዛ እህቷ ቤት «ይቀመጡ» ተባለች። እትዬ ጥርሷን ነክሳ ተቀመጠች።

«ሥራሽ ምንድን ነው?»

«እኔም ሠዓሊ ነኝ» አለች ሴትዮዋ። «ግድግዳ ነው እንጂ የምሥለው! ቤት ቀለም ቀቢ ነኝ። ይህን ደረጃ ስቀባ አየችኝና፣ ‘እጅሽን ወደ ላይ እንደሰቀልሽ ቁሚልኝ’ አለችኝ። ቀልድ መሰለኝ። ለካ የእውነቷን ነው።»

ሚጣ ወደ ወረቀቱ አፈጠጠች። ቀለም ቀቢዋ ወደ ቦታዋ ተመለሰች፤ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ቀኝ እጇን ጣሪያ እንደሚቀባ ሰው ሰቀለች። ሰቀለች ይባላል እንጂ አንድ አፍታ አላረፈም። አፍንጫዋን ታካለች፣ ክብደቷን ከእግር እግር ታቀያይራለች፣ «ይሄ ጣሪያ እኮ አንድ እጅ ቀለም ይፈልጋል» ትላለች። እትዬ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ተቃጠለች። እሷ ዝንብ አፍንጫዋ ላይ አርፎ ትንፍሽ ሳትል የቆመች ሴት ናት!

«አትነቃነቂ» አለቻት መጨረሻ ላይ፣ ሳታስበው።

«ኧረ አልተነቃነቅኩም እትዬ!»

«አፍሽም ሲነቃነቅ ትከሻሽ ይነቃነቃል።»

ቀለም ቀቢዋ ሳቀች፤ ትከሻዋም አብሮ ተነቃነቀ። ሚጣም ሳቀች። ሁለቱ አብረው ሳቁ። እትዬን ያንገበገባት ይኼ ነው። እሷና ሚጣ በሥራ ሰዓት ስቀው አያውቁም ነበር፤ ሚጣ ትሥላለች፣ እትዬ ትቆማለች፣ ዝም ነው። ያንን ዝምታ ፍቅር ብላ ነበር የያዘችው። አሁን ደግሞ፣ ምናልባት ልጄ ሰልችቷት ይሆን ስትስቅ ያላየኋት? አለች በሆዷ። አያችሁ፣ ቅናት የዛሬውን ብቻ አይደለም የሚበላው፤ ወደ ኋላ ተመልሶ የትናንቱንም ይቆረጥመዋል።

ልትወጣ ስትል ወደ ወረቀቱ አንገቷን ሰገግ አደረገች። ሚጣ ፈጠን ብላ አንሶላ ጣለችበት።

«ሲያልቅ አሳይሻለሁ፣ እትዬ።»

«ከእኔ ነው የምትደብቂው?»

«ከሁሉም ሰው ነው። ከራሴም ጭምር።»

እትዬ ወጥታ ሄደች። በዚያ ሰሞን አንድ የሙሽራ ሸሚዝ ላይ ካውያ ረስታ አሳረረች፤ ከተቀጠረች ጀምሮ ያልሆነ ነገር ነው። አለቃዋ ጭሱን አይቶ ሲሮጥ መጣ። ቢቆጣት በወደደች ነበር፤ እሱ ግን «እትዬ፣ አሞሻል እንዴ?» አላት። ልብስ የምታጥበዋ ባልደረባዋ ቆጣ ብላ «ምን ሆነሻል? ባልሽ ውሽማ ያዘ?» ብትላት፣ «ምነው እሱ በሆነ!» ብላ መለሰችላትና ሁለቱም በሳቅ ፈረሱ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ያው ነው።

ሥዕሉ አለቀ። ሚጣ ራሷ እጥበት ቤቱ ድረስ መጥታ፣ በእንፋሎቱ መካከል ቆማ፣ «ነገ ጠዋት ነይ። የሥዕል አዳራሹ ሰዎች ከነገ ወዲያ መጥተው ይወስዱታል። አንቺ ካላየሽው አለቀ አልልም» አለቻት። አዳራሹ ትልቅ ነው፤ የታወቁ ሰዎች ሥራ የሚሰቀልበት። ሚጣ ለዚያ ግድግዳ ስትል ዘመን ጠብቃለች። እትዬ «እስቲ እናያለን» አለች፤ አንገትጌውን አጥብቃ ተጫነችው።

በማግስቱ ስትደርስ ቀለም ቀቢዋ ቀድማት መጥታለች። ያች ሴት የማትቀድመው ነገር የለም። ሚጣ አንሶላውን ሳበችው።

ከወለል እስከ ጣሪያ የሚደርስ ወረቀት ነው። አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታ፣ ቀኝ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ፣ ግድግዳን እንደምትደግፍ ወይም እንደምትገፋ ሆና ቆማለች። ጥቁሩ ጥልቅ ነው፤ ብርሃኑ ወረቀቱ ራሱ ነው። በእውነት ያምራል። እትዬ ያላማረ እንዲሆን ስትመኝ ነበር የመጣችው፤ ዓይን ግን አይዋሽም።

ቀለም ቀቢዋ አፏን በእጇ ያዘች። «ይሄ እኔ ነኝ? እኔ? ወይ ጉድ! ይሄን የመሰለ ጀርባ ተሸክሜ ነው መሰላል የምወጣው!»

እትዬ ቀረብ አለች። መጀመሪያ ያየችው ማጅራቱን ነው። እዚያ እንደ ትንሽ ጀልባ የተቀመጠች እጥፋት አለች። ዓይኗ ወደ ታች ወረደ፤ ወገቡ በግራ በኩል ገባ ብሏል። ወደ ላይ ወጣች፤ እጁ ቢሰቀልም ቀኝ ትከሻው ከሥሩ ዘንበል፣ ወደቅ ብሏል፤ ካውያ ሲጫን እንደኖረ ትከሻ።

እትዬ በሆዷ ጮኸች። የእኔ ነው! የሴትዮዋ ፀጉር፣ የሴትዮዋ ክንድ፣ የሴትዮዋ ሰፊ እግር፤ ጀርባው ግን የእኔ። ሚጣ አላወቀችም። ፊቷን ብታዩት፣ እንደ ጨረሰ ሰው አርፋለች። እትዬ ዝም ብትል ማንም አያውቅም። በአዳራሹ ግድግዳ ላይ፣ በሌላ ሴት ራስ ሥር፣ የእሷ ትከሻ ይሰቀላል። ያ ደስታ እንዴት ይጣፍጣል! ዝም ልትል ወሰነች። እውነቴን ነው፣ ወስናም ነበር።

ቀለም ቀቢዋ ግን ዝም አትልም። «ትከሻዬን እዩት! እኔ ለካ እንዲህ ነኝ? እናቴ እንደ ወንድ ትከሻሽ ቀጥ ያለ ነው እያለች ስታበሽቀኝ ነው ያደግኩት። እስቲ ትምጣና ይሄን ትይ! እንዴት ዘንበል ብሎ ያምራል! የእኔ ትከሻ!»

«የማን?» አለች እትዬ።

«የእኔ ነዋ፣ እትዬ።»

«የማን ነው ያልሽው? የእኔ ነው!»

ሚጣ ከአንዷ ወደ አንዷ አየች። «እትዬ፣ ምን ማለትሽ ነው?»

«ትከሻው የእኔ ነው። ወገቡም የእኔ ነው። ይቺ እጥፋትም የእኔ ናት። ይሄን ጀርባ ለማግኘት ዕድሜ ልኬን ቆሜያለሁ፤ እሷ ዳቦ እየበላች አትወስደውም!» ብላ የላይ ልብሷን አወለቀች። «አንቺም ተነሺ! ዙሪ! እጅሽን ስቀይ!»

ቀለም ቀቢዋ ደንግጣ ዞረች። ሁለቱ ጎን ለጎን፣ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ እጃቸውን ሰቅለው ቆሙ። የቀለም ቀቢዋ ትከሻ እንደ ጣውላ ቀጥ ያለ፣ ማጅራቷ ጣሪያ ሲያይ ኖሮ ወደ ኋላ የተቀለበሰ ነው። የእትዬ ደግሞ ያው እናውቀዋለን።

እትዬ ዞር ስትል ሚጣ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላለች።

«ለዚህ ነበር እኮ» አለች ሚጣ ቀስ ብላ። «የአዳራሹ ሰውዬ ሥራዎቼን ሁሉ ደርድሮ አየና ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ‘እጅሽ ጥሩ ነው፤ ግን ሰዎችሽ ሁሉ አንድ ሰው ናቸው። ሌላ ሰው ማየት መቻልሽን አሳዪኝ’ አለኝ። ወንዱን ብሠራ አንቺ፣ ሽማግሌውን ብሠራ አንቺ። ስለዚህ ሌላ ሰው ፈለግኩ። ይኸው ሌላ ሰው አቁሜ አንቺኑ ሠራሁ።»

«ለምን አልነገርሽኝም? ጉልበትሽ፣ ምናምን እያልሽ...»

«‘በዝተሽብኛል’ ብዬ ልንገርሽ?»

እትዬ የተጣለች መስሏት ስትቃጠል ከርማ፣ ለካ የወጣችው በዝታ ነው። ቅናቷ እንዲህ ያለ ትልቅ ጉርሻ ጎርሶ ስለማያውቅ ማኘኩ ጠፋው።

ሚጣ ተነሳች። ከጠረጴዛው ላይ ጨርቅ አነሳች።

«ምን ልታደርጊ ነው? ሚጣ! ይቆይ! ተይው፣ እኔ ዝም እላለሁ! እሷም ዝም ትላለች፣ አይደል አንቺ?»

«እኔማ ዝም ነው» አለች ቀለም ቀቢዋ፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም።

ሚጣ ግን ጨርቁን ትከሻው ላይ አሳርፋ ወደ ታች ሳበችው። ከሰል እንደ ቀለም አይደለም፤ አይከራከርም። ትከሻው ጢስ ሆነ፣ ወገቡ ጢስ ሆነ፣ ያች ትንሽ ጀልባ በአንድ ጣት ተጠርጋ ሄደች። እትዬ ቆማ አየች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። ዝም ብትል ኖሮ ትሰቀል ነበር፤ የእኔ ነው ብላ ስትጮህ ተጠረገች።

«አሁን ምን ይሻላል?» አለች ሚጣ ጥቁር እጇን እያየች። «የቀረኝ ዛሬ ነው። ብጀምረውም ያው ነው የሚመጣው። እኔ አይደለሁም እኮ፤ እጄ ነው አንቺን የለመደው። ሲያደርገው አይታየኝም።» ከዚያ ቀና ብላ እህቷን አየቻት። «ላንቺ ግን ይታይሻል።»

«ምን?»

«ከኋላዬ ቁሚ። የአንቺ ሲመጣ ‘የእኔ ነው’ በይኝ። አጠፋዋለሁ።»

እትዬ ልትሄድ ይገባት ነበር፤ ሰው ራሱን እንዲያስጠርግ ተጠይቆ ያውቃል? ልብሷን ለብሳ እስከ በሩም ሄዳ ነበር። ግን እሷ ብትሄድ ሁለቱ ብቻቸውን ሊቀሩ ነው። ያንን ደግሞ አልቻለችም። ተመልሳ ከሚጣ ኋላ ቆመች።

ተጀመረ። ከሰሉ ወረቀቱ ላይ እንደ ደረቅ ቅጠል ይንኮሻኮሻል።

«የእኔ ነው» ትላለች እትዬ። ጨርቅ።

«የእኔ ነው።» ጨርቅ።

«ይሄስ?»

«ግማሹ የእኔ ነው። ከዚህ ወዲህ ያለው የእሷ ነው።»

«አንገቴ ሊቆረጥ ነው!» ትላለች ቀለም ቀቢዋ ከፊት።

«አትነቃነቂ!» ይሏታል ሁለቱም በአንድ አፍ።

እትዬ እንዲህ ያለ ዓይን እንዳላት አታውቅም ነበር። የምቀኛ ዓይን የሚባለው ነው፤ አንዲት ጭረት አታመልጠውም። የራሷን ለመለየት ደግሞ የዚያችን ሴት ጀርባ ማየት ግድ ሆነባት፤ አተኩራ፣ ጨፈን ገለጥ እያደረገች፣ ሚጣ እንደምታየው። ያ ጣውላ ትከሻ ላይ ከመሰላል ማሰሪያ የተረፈ ጠባሳ አለ። ከአጥንቱ በታች ያለው ጡንቻ ክንዷን ስታነሳ እንደ ዓሣ ይንሸራተታል። «እዚያ ጋ» አለች እትዬ ሳትወድ በግድ፣ «እዚያ ጋ አንድ ነገር አለፈሽ፣ ሚጣ። ከጠባሳው በላይ።» ሚጣ አየችና ሠራችው።

ፀሐይዋ ከመስኮቱ ወደ ግድግዳው ዞረች። የጠፋው ከሰል ከሥር እንደ ጥላ ቀርቷል፤ በላዩ ላይ ሌላ ሴት ቀስ በቀስ ቆመች። እንደ በር ሰፊ፣ ቀጥ ያለች፣ ማጅራቷን ወደ ጣሪያ የቀለበሰች። እትዬ የምታውቀው አንድም ነገር የለባትም። ሚጣ ስትሠራ ትንፋሿ ፈጥኗል፣ ጉንጯ ላይ ከሰል ተለቅልቋል፤ ልጅ ሆና ወለሉን ስታጠቁር የነበረችውን መስላለች። እትዬ ያንን ፊት ሌላ ሴት ስላመጣችው ቀናች፤ ፊቱን ስላየችው ደግሞ ደስ አላት። ሁለቱ አንድ ሆድ ውስጥ ተገፋፍተው ተቀመጡ።

ቀለም ቀቢዋ እጇን እንድታወርድ ተፈቅዶላት መጥታ አየች። ቅር አላት።

«ይቺ ደግሞ ማን ናት?»

«አንቺ ነሻ!» አለች ሚጣ።

«እውነት እናቴ ልክ ነበረች ማለት ነው።» ከንፈሯን ጣለች። «እንግዲህ እንዳትቆጡኝ... የበፊቱ ይሻል ነበር። የእትዬ ትከሻ ያምር ነበር። የራሴንማ አውቀው የለ?» ብላ እትዬን ከጎን አየቻት። በዚያ አስተያየት ውስጥ ያለውን ነገር እትዬ ወዲያው ለየችው። ሲያቃጥላት የከረመውን ነገር እንዴት ታጣዋለች!

«ያንቺም መጥፎ አይደለም» አለቻት። የዚያን ቀን ከተናገረችው ሁሉ የከበዳት ቃል እሱ ነበር። ከዚያ ትንሽ ቆይታ፣ «ትንሽ ዳቦ የለሽም?» ብላ ጨመረች። ቀለም ቀቢዋ ቦርሳዋን ከፈተች።

ሚጣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዳ ከሥዕሉ ፊት ቆመች። «እትዬ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ከላይ እስከ ታች እዪልኝ። ያንቺ የቀረ ነገር አለ?»

እትዬ ዳቦዋን ይዛ ቀረበች። ማጅራት፣ የለም። ትከሻ፣ የለም። ወገብ፣ የለም። ክንዱን ተከትላ ወደ ላይ ወጣች፤ ግድግዳውን የገፋው እጅ ጋ ደረሰች። አውራ ጣቱ ወደ ውጭ ተለምጦ ተቀልብሷል። የቀለም ቀቢዋ ጣት ብሩሽ ሲይዝ ኖሮ ወደ ውስጥ ነው የሚታጠፈው፤ አሁን ዳቦ ስትቆርስላት ከቅርብ አይታዋለች። እንዲህ የሚለመጠው የካውያ እጀታ የሚገፋ ጣት ነው።

አፏን ከፈተች። ሚጣ በዚያ በደከመ፣ በሚያምን ዓይኗ ትጠብቃታለች።

«የለም» አለች እትዬ። «ጨርሰሻል።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ልጄ፣ ከእኔ የተሻለ ማን ያውቃል?»

ሚጣ ከሰሉ እንዳይረግፍና ከዚያ ወዲያ እንዳይጠረግ የሚነፋውን ፈሳሽ የያዘ ቆርቆሮ አንስታ ነቀነቀችና ወረቀቱን ከእግሩ ጀምራ ወደ ላይ ታርከፈክፈው ጀመር። «መስኮቱን ክፈቱት፣ ሽታው ያማል፤ ውጡ» አለቻቸው። ቀለም ቀቢዋ ወጣች። እትዬ ግን ልብሷን አፍንጫዋ ላይ ይዛ፣ እርጥበቱ እጁ ጋ እስኪደርስና እስኪደርቅ ድረስ ከዚያ ንቅንቅ አላለችም።